«የደኸየችው» ቅጠልና ባለጸጋው መዝገብ፦ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መዝገብን የሚመለከት ሂስ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድን አገር በሚገኘው በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር በ1980 የተጀመረው የአገራችን ዕፀዋት ምዝገባ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በ2009 ስምንተኛው ጥራዝ ሲታተም ተፈጽሟል። በዐሥር መጻሕፍት የተከፋፈለው ይህ ሥራ ስድስት ሺህ ገደማ ዝርያዎችን ይዘረዝራል፤ ከእነዚህም ከዐሥሩ አንዱ ያህል በሌላው ዓለም የማይበቅል መሆኑን ያስረዳል። በደርግ ዘመን ተጀምሮ፣ በ1991 የመንግሥት ለውጥ ሳይቋረጥ፣ ከዚያ በኋላ የመጣውንም ጦርነት ተሻግሮ ለፍጻሜ መብቃቱ ብቻውን ሊደነቅ የሚገባው ነው። ብዙ ዕቅድ በወረቀት ላይ በሚቀርበት አገር፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው የተደመደመ የምሁራን ሥራ ስንት እንዳለ አንባብያን ቈጥረው ይፍረዱ።

ስለዚህ የምናቀርበው ሂስ የሥራውን ታላቅነት ለመካድ አይደለም። የፕሮጀክቱን ውጥን በአገር ቤት የመሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር በ2023፣ በአርታኢነት የደከሙት ሱ ኤድዋርድስ ደግሞ በ2018 ዐርፈዋል። ሥራቸው ግን በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ መመስገን ብቻ ሳይሆን መመርመርም ይገባዋል። አንድ መጽሐፍ የሚከበረው ሲወደስ ብቻ አይደለም፤ በእርሱ ላይ ሌላ ሥራ ሲታነጽበት ጭምር ነው።

እኛ በዚህ ሐተታ የምንመለከተው በ1995 የታተመውን የሁለተኛውን ጥራዝ ሁለተኛ ክፍል ነው። አርታኢዎቹ ሱ ኤድዋርድስ፣ መስፍን ታደሰና ኢንጋ ሄድበርግ ሲሆኑ፣ ዋናውን ክፍል የያዘውን የቁልቋል ቤተሰብ ምዕራፍ ያዘጋጁት ማይክል ጊልበርት ናቸው። በ1989 ታትሞ የወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ «የኢትዮጵያ ዕፀዋት» ይባል ነበር፤ በ1993 ኤርትራ ነጻ መንግሥት ከሆነች በኋላ የታተሙት «የኢትዮጵያና የኤርትራ» የሚለውን ስም ይዘዋል። የፖለቲካው ታሪክ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ እንዲህ ታትሟል። ሣሩና ቅጠሉ ግን ከመረብ ወዲህና ወዲያ ያው እንደ ሆነ አለ፤ አዘጋጆቹም ይህን ዐውቀው ሥራውን ለሁለት አለመክፈላቸው አስተዋይነት ነው።

የቁልቋል ቤተሰብ ለማንም ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። ቁልቋሉ ራሱ፣ ለአጥር የሚተከለው ቅንጭብ፣ ፍሬው ለምጣድ ማሰሻ የሚሆነው ጉሎ፣ በየማሳው ዳር የሚቆመው ብሳና ሁሉም የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው። እነዚህን ሊያስተዋውቀን የሚመጣ መጽሐፍ ለመመስገን ብዙ አይደክምም። መዝገቡን ለመፈተን የመረጥነው ስለዚህ ከታወቁት አንዱን አይደለም። በደጋና በወይና ደጋ ሣር መካከል የምትበቅል፣ ሰው ረግጧት የሚያልፍ፣ በሊቃውንቱ ዘንድ ዩፎርቢያ ዴፓውፔራታ የምትባል ትንሽ ወተታም ቅጠል መርጠናል። የአንድ መዝገብ ብርታት የሚታወቀው ታላላቆቹን በመዘርዘሩ አይደለም፤ ለማንም ያልታየውን እንዴት እንደ ያዘ ሲመረመር ነው።

አስቀድመን ስሟን እንመልከት። የወገኑ ስም «ዩፎርቢያ» የመጣው በሰሜን አፍሪካ የሞሪታኒያ ንጉሥ የነበረው የዳግማዊ ዩባ ሐኪም ከነበረው ከግሪካዊው ዩፎርቦስ ነው። ስለዚህ ከሁለት ሺህ የማያንሱ ዝርያዎች ያሉት የዚህ ሰፊ ወገን ስም ከአንድ አፍሪካዊ ቤተ መንግሥት የወጣ ነው። ሁለተኛው ስም ግን ላቲን ሲሆን ትርጉሙ «የደኸየች፣ የመነመነች» ማለት ነው። ሊቃውንቱ ይህን ቃል የሚጠቀሙት አካሉ ያነሰውን ወይም ቅጠሉ የሳሳውን ዕፅ ለማመልከት ስለሆነ ስድብ ነው ማለታችን አይደለም። ሆኖም ስሙን ያወጣው ሰው ቅጠሊቱን በበቀለችበት ሜዳ አላያትም፤ ያየው በወረቀት ላይ ተጣብቃ የደረቀችውን ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጀርመናዊው ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 ኢትዮጵያ ገብቶ በ1878 ዐድዋ እስኪሞት ድረስ በትግራይና በሰሜን ተራሮች ዕፀዋትን ይሰበስብ ነበር፤ በደጃዝማች ውቤ ዘመንም የእንትጮን ግዛት እስከ ማስተዳደር ደርሷል። የሰበሰባቸው ናሙናዎች ወደ ደቡብ ጀርመን እየተላኩ ሆክሽቴተርና ሽቶይደል ባቋቋሙት የተጓዦች ማኅበር በኩል ስም እየተሰጣቸው ገንዘብ ላዋጡ አባላት ይከፋፈሉ ነበር። ፓሪስ ላይ ደግሞ አሺል ሪሻር ከ1847 እስከ 1851 ስለ ሐበሻ ዕፀዋት ያሳተመው መጽሐፍ የተመሠረተው ከሁሉ በላይ ካርቲን ዲሎንና ፔቲ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በሰበሰቡት ላይ ነበር። ካርቲን ዲሎን በ1840 በቆላ ንዳድ ሞተ፤ ፔቲን በ1843 ዐባይን ሲሻገር አዞ በላው። ለቅጠሊቱ ስም ያወጣላት ሆክሽቴተር ሲሆን፣ በሪሻር መጽሐፍ በ1850 ታትማ ለዓለም ታወቀች።

ይህን ታሪክ የጠቀስነው ፈረንጆቹን ለመክሰስ አይደለም፤ ሕይወታቸውን የከፈሉበት ሥራ ነው። የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ሺምፐር አርባ ዓመት በአገራችን ሲኖር መንገድ የመራው፣ በቅሎ የጫነው፣ «ይህ ለቊስል ነው፣ ይህ ለከብት መርዝ ነው» እያለ ያመለከተው የአገሬው ሰው ነበር። ያ ሰው በናሙናው ወረቀት ላይ ስም የለውም። የሰብሳቢው ስም በብዙ ዕፀዋት ላይ ቀርቷል፤ ከዚችው ወገን እንኳ አንዷ ዝርያ በሺምፐር፣ ሌላዋ በፔቲ ተሰይመዋል። የመሪው ስም ከደረቁ ቅጠሎች ጋር እንኳ አልተቀመጠም። ዘመናዊው መዝገብ ስለ ቀድሞ ሰብሳቢዎች ሲያወሳ ይህን ጐዶሎ ቢያንስ እንደ ጐዶሎ ሊያነሣው ይገባ ነበር እንላለን።

ስም የማውጣት ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የሆነ አይደለም። ይህ ጽሑፍ በሚጻፍበት በአትላንታ ገና በደረሰ ቊጥር በየቤተ ክርስቲያኑና በየመደብሩ የሚደረደረው ቀይ ቅጠል ያለው ተክል የቁልቋል ዘመድ ነው። አዝቴኮች በሜክሲኮ የራሳቸው ስም ነበራቸው፤ ዛሬ በእንግሊዝኛ የሚጠራው ግን በጎረቤታችን በደቡብ ካሮላይና ተወላጅ፣ በሜክሲኮ የአሜሪካ መልእክተኛ በነበረው በፖይንሴት ነው። በእግረኛ መንገዱ ስንጥቅ ውስጥ ተኝታ የምትበቅለው፣ ሲቀነጥሷት ነጭ ወተት የምታወጣው አረምም የዚያው ወገን ናት። በሰሜናዊው የዳኮታና የሞንታና ግጦሽ ላይ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ የመጣች ሌላ ዘመዷ ሥሯን ብዙ ሜትር እየሰደደች የከብት አርቢዎችን ስላስቸገረች፣ የሚበሏትን ጢንዚዛዎች ከትውልድ አገሯ እስከ ማስመጣት ተደርሷል። የዘር ጥናት እንዳረጋገጠው፣ ይህች የዳኮታ አረምና የእኛይቱ ቅጠል በአንድ ንዑስ ወገን የሚመደቡ ሲሆን፣ ቁልቋልና ቅንጭብ በሌላው፣ የገና ተክልና የመንገድ ዳሯ አረም ደግሞ በሦስተኛው ይመደባሉ። መልክ የሚያሳስተውን ያህል ዝምድናን የሚያሳይ አይደለም ማለት ነው።

ወደ መዝገቡ እንመለስ። የመዝገቡ ዋና መሣሪያ መለያ ቁልፍ ነው። አንባቢው በእጁ ስለ ያዘው ዕፅ ሁለት ሁለት አማራጭ እየቀረበለት፣ አንዱን እየጣለና ሌላውን እየተከተለ ከዝርያው ስም ይደርሳል። በዚህ ረገድ የጊልበርት ምዕራፍ የተዋጣለት ነው። የቁልቋል ወገን ለማንም አስቸጋሪ ነው፤ ከትልቅ ዛፍ እስከ ጣት የማትሞላ ቅጠል በአንድ ወገን ተጠቃሎ ስለሚገኝ አካሉን ብቻ በማየት ማንም አይለየውም። ቁልፉ አንባቢውን ወደ አበባውና ወደ ፍሬው እየመራ ያደርሰዋል። ችግሩ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል፤ ቁልፉ የሚከፍተው እንግሊዝኛ ለሚያነብ፣ ያውም የሥነ ዕፀዋትን እንግሊዝኛ ለሚያነብ ብቻ ነው። ዕፁ በሚበቅልበት ቀበሌ ያለው የግብርና ሠራተኛ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህሩ፣ ቅጠል ቀጣዩ መጽሐፉን ቢያገኝ ምን ያደርግበታል?

«በአማርኛ አይቻልም፤ ቃላቱ የሉም» የሚለውን መልስ ደጋግመን ሰምተነዋል። ክርክሩን በክርክር ከመመለስ በተግባር መፈተኑን መርጠናል። የመረጥናት ቅጠል በአማርኛ እንዲህ ትገለጻለች።

ከዓመት ዓመት የምትዘልቅ ቅጠል ናት። ከምድር በታች ወፍራም፣ እንጨት የመሰለ ሥረ ግንድ አላት፤ ከእርሱ በየዓመቱ ቀጫጭን አገዳዎች ይወጣሉ፣ ወቅቱ ሲያልፍም ይደርቃሉ። የትኛውም ክፍሏ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ይፈሳል፤ የዚህ ወገን ወተት ዐይንን ስለሚጎዳ ከብትም እምብዛም አይነካትም። አበባ የሚመስለው ነገር አንድ አበባ አይደለም፤ በጽዋ ውስጥ የተሰበሰቡ ብዙ ደቃቅ አበቦች ናቸው። በጽዋው መካከል አንዲት ሴቴ አበባ በዘንግ ላይ ትቆማለች፤ ዙሪያዋን ወንዴዎቹ ይከቧታል፤ እያንዳንዱ ወንዴ አበባም አንድ ዘንግና በላዩ ያለ የብናኝ ከረጢት ብቻ ነው። በጽዋው ከንፈር ላይ ዕጢዎች ተደርድረዋል። ፍሬዋ ባለ ሦስት ጓዳ ሲሆን በእያንዳንዱ ጓዳ አንድ ዘር ይቀመጣል፤ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ዘሩን ይበትናል። የፍሬው ገጽ በአንዳንዱ ለስላሳ፣ በሌላው ሻካራ መሆኑ ሊቃውንቱ በዝርያዋ ውስጥ ንዑሳን ክፍሎችን ለመለየት ምክንያት ሆኗቸዋል። የምትኖረው በሣር ሜዳ፣ ይልቁንም በየጊዜው እሳት በሚነካው ሣርና በድንጋያማ ስፍራ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ኢትዮጵያ፣ ወደ ደቡብም እስከ ዚምባብዌ ትገኛለች።

አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው፣ ከላይ ባለው አንቀጽ አንድም የተፈበረከ ቃል አለመኖሩን ነው። ሥረ ግንድ፣ አገዳ፣ ጽዋ፣ ዘንግ፣ ጓዳ፣ ዕጢ፣ ሁሉም ከቤታችን የወጡ ቃላት ናቸው። የቀድሞው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ የደከመበትን መንገድ የተከተለ ቢኖር ኖሮ፣ ዛሬ ይህን እንደ ሙከራ ማቅረብ ባላስፈለገንም ነበር።

ሁለተኛው ነቀፌታችን የአገር ስሞችን የሚመለከት ነው። መዝገቡ የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛና የሌሎች ቋንቋዎች ስሞችን ባገኘበት ሁሉ ማስፈሩ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን የጻፋቸው በላቲን ፊደል ነው፤ በዚህም ምክንያት ቀና ከ፣ ጠና ተ፣ ጨና ቸ ለማያውቀው አንባቢ ይደበላለቃሉ። «ቁልቋል» በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት መልክ እንዳለው የቀድሞ ተጓዦችን መጻሕፍት ያገላበጠ ያውቀዋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ቁልቋልን በሥዕል ጭምር ሲያስተዋውቅ በጆሮው እንደ ሰማው ጻፈው፤ የዛፉ ሳይንሳዊ ስምም በዓመቱ የወጣው ያንኑ ገለጻ ተመርኩዞ ነው። ብሩስ ፊደላችን ስላልነበረው አይወቀስም። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ የሚታተም መጽሐፍ ግን በፊደል መጻፍ የማይችልበት ምክንያት አይታየንም።

ፊደሉ ቢስተካከል እንኳ ስሙ ብቻውን አይበቃም። «ቁልቋል» ዛሬ በብዙ ቦታ ከአሜሪካ የመጣውን፣ በትግራይ «በለስ» የሚባለውን እሾኻም ተክልም ይጠራበታል። ሁለቱ ዝምድና የላቸውም፤ አንዱ የአፍሪካ ተወላጅ ነው፣ ሌላው ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ድርቅን ለመቋቋም አንድ ዓይነት አካል ያበጁ ናቸው። በተቃራኒው አንዱ ብሳና በኦሮምኛ በከኒሳ፣ በትግርኛ ታምቡኽ ይባላል፤ ጉሎ በኦሮምኛ ቆቦ ነው፤ ቁልቋሉም አዳሚ። ወደ ትናንሾቹ ቅጠሎች ስንወርድ ጉዳዩ ይከብዳል፤ በአማራው አገር «አንተርፋ» የሚለው ስም በሺምፐር ለተሰየመችው ዘመዷ ይነገራል፤ እንዲህ ያለ ስም በየወንዙ ወሰኑ ሊለያይ ስለሚችል፣ የት፣ በማን አንደበት፣ ለየትኛዋ ቅጠል እንደ ተነገረ አብሮ ካልተጻፈ ዋጋው ይቀንሳል። መርዝና መድኃኒት በአንድ ወተት ውስጥ ባሉበት ወገን፣ የስም ስሕተት የቃላት ክርክር ሆኖ አይቀርም፤ ሰው ይጎዳል።

ይህን መሰሉን ጥንቃቄ ያሳየ ሥራ የለም አይባልም። ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን የደብተሮችን የመድኃኒት መጻሕፍት በ1968 አሳትሞ፣ በ1973 ደግሞ የዕፀዋትን ስምና ጥቅም ያጠናበትን ቀጣይ ክፍል አውጥቷል። ይህ ሰው በ1968 በፖላንድ በአይሁድ ላይ በተነሣው ዘመቻ ምክንያት አገሩን ለቆ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ያስተማረ፣ በስደትም የሞተ ሊቅ ነው። ወልደ ሚካኤል ቀለቻ ያዘጋጁት የዕፀዋት ስሞች መዝገብ በ1987 ለአራተኛ ጊዜ ታትሟል። በ1993 የወጣው የአዘነ በቀለ ተሰማ መጽሐፍም ጠቃሚ ዛፎችንና ቊጥቋጦዎችን ከአገር ስማቸው ጋር አቅርቧል። ዛፉ ጥላ፣ ማገዶና ፍሬ ስላለው ጠበቃ አገኘ። ሣር ለሣር የምትኖረው ቅጠል ግን ጠበቃ የላትም፤ የምትኖርበት ሜዳ ሲታረስ ወይም ከልክ በላይ ሲጋጥ አብራው ብትጠፋ የሚያውቅ አይኖርም።

አንባብያን በዚህ ላይ ሊያቀርቡ የሚችሉት ተቃውሞ ይታየናል። የመጀመሪያው፦ «ሳይንስ ዓለም አቀፍ ነው፤ ላቲኑና እንግሊዝኛው ስንጣላ የሚያስታርቁን ናቸው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ላቲኑ ይቅር አላልንም። ቅጠሊቱ ከጊኒ እስከ ዚምባብዌ አንድ መሆኗን ያወቅነው በእርሱ ነው። ሁለተኛው፦ «አማርኛ የምትሉት የአንድ ወገን ቋንቋ ነው» የሚል ይሆናል። ለዚህም መልሳችን፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በሲዳምኛም ይጻፍ ነው። የሚጽፍ ይነሣ እንጂ ለሁሉም በቂ ሥራ አለ። ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ፦ «ሕዝብ በሚሰደድበትና በሚገደልበት ዘመን ስለ አንዲት ቅጠል መጨነቅ ቅንጦት ነው» የሚለው ነው።

ይህን ሦስተኛውን ቀለል አድርገን አናየውም። ሆኖም በስደት የምንኖር ምሁራን ስለ አገር የምንጽፈውን ብንመረምር፣ አገሩ በብዛት ምሳሌ ሆኖ እናገኘዋለን። ዋርካው ሥልጣን፣ ዝግባው ጀግና፣ ሣሩ ሕዝብ ነው። ከእሳት በኋላ ከሥረ ግንዷ እንደገና የምታቈጠቁጠውን ይህችን ቅጠልም የስደተኛ ምሳሌ ለማድረግ ብዕራችን እንደሚቸኩል እናውቃለን። አናደርገውም። እርሷ የማንም ምሳሌ አይደለችም፤ ወተት፣ ጽዋና ባለ ሦስት ጓዳ ፍሬ ያላት፣ በተወሰነ አፈር ላይ የምትኖር ፍጥረት ናት። አገርን ከምሳሌነት አውጥቶ እንደ አገር ማወቅ ቅንጦት ሳይሆን፣ ስለ እርሱ ለመናገር መብት የሚሰጥ የመጀመሪያው ግዴታ ነው። አፈሩን፣ ውሃውንና ዕፁን ሳያውቁ ስለ መሬት ዐዋጅ የጻፉ መንግሥታት ምን እንዳተረፉልን ሁላችንም አይተናል።

ይህን ሥራ ለመሥራት ስደት እንቅፋት አይሆንም። በ1943 በርሊን በቦምብ ስትመታ የከተማይቱ የዕፀዋት ማኅደር ተቃጥሎ ከአፍሪካ የተሰበሰበ እጅግ ብዙ ናሙና ጠፍቷል። የሺምፐር ስብስብ በየማኅደሩ ተከፋፍሎ ስለ ነበር ቅጂዎቹ በፓሪስና በለንደን ተርፈዋል፤ ዛሬ የብዙዎቹ ምስል ከያሉበት ይታያል። በአዲስ አበባ በ1959 የተቋቋመው ብሔራዊ የዕፀዋት ማኅደርም የሠላሳ ዓመቱን ድካም ፍሬ ይዞ ተቀምጧል። የጎደለው ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃውን በአገሩ ቋንቋ የሚጽፍ እጅ ነው።

ስለዚህ ሂሳችንን በጥያቄ ብቻ አንዘጋም። የቁልቋል ቤተሰብ መለያ ቁልፍ በአማርኛ፣ ከተቻለም በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን ጭምር፣ የአገር ስሞቹም በፊደል ተጽፈው፣ እያንዳንዱ ስም ከተነገረበት ወረዳ ጋር እንዲዘጋጅ ሐሳብ እናቀርባለን። ከአንባብያን መካከል በልጅነታችሁ ከብት ስትጠብቁ፣ ወይም ከአያቶቻችሁ ጋር ቅጠል ስትለቅሙ ያወቃችኋቸው ወተታም ቅጠሎች ካሉ፣ ስማቸውን፣ የበቀሉበትን ስፍራ፣ ለምን ይውሉ እንደ ነበር ጽፋችሁ ለመጽሔታችን ላኩ። በ1850 ስም ሲወጣ ያልተጠየቀው ሰው ልጆችና የልጅ ልጆች ናችሁ። መልሱ ዛሬም በእናንተ ዘንድ አለ፤ እስከ መቼ እንደሚቆይ ግን ዕድሜያችን ይወስነዋል።